“በሐምሌ ብቻ ነው ዝናቡ የጣለው”፦ የእንግሊዝኛን ግልብጥ ዓረፍተ ነገር በዋግ ኽምራ ክፍሎች ስለ ማስተማር

መንደርደሪያ

የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በመደበኛ ሥርዓቱ ባለቤቱን አስቀድሞ፣ ግሱን አስከትሎ፣ ተሳቢውን በመጨረሻ ያሰፍራል። ይሁን እንጂ ጸሐፊው አንድን ሐሳብ ሊያጸና ሲሻ ይህ ሥርዓት ይገለበጥና ረዳት ግሱ ከባለቤቱ ይቀድማል። ተማሪዎቻችን ይህንን ርዕስ “ኢንቨርዥን” በሚል ስሙ ያውቁታል። የሚማሩበትም መንገድ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። “ኔቨር”፣ “ሬርሊ”፣ “ሃርድሊ”፣ “ኖት ኦንሊ” የመሳሰሉ ቃላት በዝርዝር ይሰጣሉ፤ ከእነርሱ በኋላ ረዳት ግስ እንደሚመጣ ይነገራል፤ ተማሪውም ዝርዝሩን ሸምድዶ ከአራቱ አማራጮች አንዱን ያጠቁራል። ለምን እንደሚገለበጥ፣ ግልበጣው ለአንባቢ ምን እንደሚነግር፣ በገዛ ቋንቋውስ ይህንኑ ተግባር የሚፈጽመው ምን እንደሆነ ግን አይነገረውም።

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው አቋም ግልጽ ነው። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋማ ወረዳዎች ያለ ተማሪ የእንግሊዝኛን ግልብጥ ዓረፍተ ነገር ለመረዳት የሚያስችለውን እውቀት ይዞ ወደ ክፍል ይገባል፤ እውቀቱም ያለው በሚናገረው ቋንቋ ውስጥ ነው። መምህሩ ይህንን እውቀት ቀስቅሶ ቢጠቀምበት ትምህርቱ ከሽምደዳ ይወጣል። የቋንቋዎቹን ልዩነት ደብቆ ሳይሆን የት እንደሚገናኙና የት እንደሚለያዩ ለይቶ ማሳየት ይጠበቅበታል። በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛ ምሳሌዎች በፊደላችን ተጽፈዋል፤ መምህራን በክፍል ውስጥ በላቲን ፊደል ጎን ለጎን ሊያስቀምጧቸው ይችላሉ።

የዋግ ኽምራ ተማሪ የቋንቋ ጉዞ

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ብዙ ልጆች አፋቸውን የሚፈቱት በኽምጣንጛ ነው። ኽምጣንጛ ከኩሻዊ ቋንቋዎች በማዕከላዊው ማለትም በአገው ቅርንጫፍ የሚመደብ ሲሆን፣ ኦስትሪያዊው ሊቅ ሊዮ ራይኒሽ በ1884 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ጥናት ጀምሮ የቋንቋ ተመራማሪዎችን ትኩረት ሲስብ ቆይቷል። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴቪድ አፕልያርድ የቋንቋውን ሰዋስው በአጭሩ የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ አውጥቷል። ከኽምጣንጛ ቀጥሎ ልጁ አማርኛን በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት ይማራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ እንዲሆን ስለደነገገ፣ ሂሳቡንም ሥነ ሕይወቱንም ታሪኩንም በሦስተኛ ቋንቋው እንዲያነብ ይገደዳል።

ኽምጣንጛና አማርኛ የተለያየ ዝርያ ያላቸው ቋንቋዎች ናቸው፤ አንዱ ኩሻዊ ሌላው ሴማዊ ነው። በቃላት አሰላለፍ ግን ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ባለቤትን፣ ተሳቢንና ግስን በዚህ ቅደም ተከተል ያሰልፋሉ፤ ሁለቱም ግስን የዓረፍተ ነገር መቋጫ ያደርጋሉ፤ ሁለቱም ጥገኛውን ሐረግ ከዋናው ሐረግ ያስቀድማሉ። ስለዚህ የሰቆጣ ተማሪ እንግሊዝኛን ሲጀምር ግሱ ከመጨረሻ ወደ መካከል የመጣበትን ሥርዓት መልመድ ይኖርበታል። ያንን በቅጡ ሳይለምድ፣ ግሱ ጭራሹን ከባለቤቱ የሚቀድምበት ሌላ ሥርዓት ይመጣበታል። ባለቤት ቀድሞ ረዳት ግስ ሲከተል መግለጫ፣ ረዳት ግስ ሲቀድም ጥያቄ መሆኑን ተምሯልና፣ ግልብጡን ዓረፍተ ነገር ሲያይ ጥያቄ አድርጎ ቢያነብበው አይገርምም።

ግልበጣው ከየት መጣ?

መምህራን ለተማሪ የማይነግሩት አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፤ ይኸውም ግልበጣው የጥንት ሥርዓት ቅሪት መሆኑ ነው። የዛሬ ሺሕ ዓመት ይነገር የነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ፣ ልክ እንደ ዛሬው ጀርመንኛ፣ ግስን በብዙ ዓረፍተ ነገሮች ላይ በሁለተኛው ቦታ ያስቀምጥ ነበር። በመጀመሪያው ቦታ ጊዜ አመልካች ወይም ቦታ አመልካች ቃል ከገባ፣ ግሱ ወዲያው ይከተለውና ባለቤቱ ወደ ሦስተኛው ቦታ ይገፋል። በኋለኞቹ ምዕተ ዓመታት ባለቤት መጀመሪያውን ቦታ እያጸና ሲሄድ ይህ ሥርዓት ከተራው ዓረፍተ ነገር ጠፋ። በአሉታና በገደብ ቃላት፣ በቦታ አመልካች ሐረጋትና በጥያቄ ላይ ግን ቀረ። “ዱ” የተባለው ረዳት ግስም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እየተስፋፋ መጥቶ፣ ሌላ ረዳት ግስ በሌለበት ሁሉ የጊዜን ምልክት ተሸካሚ ሆነ።

ይህ ታሪክ ለተማሪ አንድ ቁም ነገር ያስጨብጠዋል። አጽንዖቱ የሚመነጨው አንድ ሐረግ ወደ ፊት ከመምጣቱ ነው። ረዳት ግሱ ከባለቤቱ መቅደሙ የዚያ ውጤት፣ እንዲያውም ቋንቋው የሚያስከፍለው ቀረጥ ነው። ጸሐፊው የሚመርጠው ሐረጉን ለማስቀደም ወይም ላለማስቀደም ነው፤ አሉታ ወይም ገደብ ያለውን ሐረግ ካስቀደመ በኋላ ግን ግልበጣውን የመተው ነጻነት የለውም።

የአማርኛው “ነው” እና የእንግሊዝኛው “ዲድ”

አሁን ወደ ገዛ ቋንቋችን እንመለስ። በዋግ ኽምራ ዝናብ በሐምሌ ጥሎ በነሐሴ ሲጠፋ የሚሆነውን ገበሬው ያውቀዋል። ይህንን ሐሳብ ያለ አጽንዖት ስንናገር “ዝናቡ በሐምሌ ጣለ” እንላለን። ችግሩን አጽንተን ስንናገር ግን “በሐምሌ ብቻ ነው ዝናቡ የጣለው” እንላለን። እንግሊዝኛው ደግሞ ይህንኑ “ኦንሊ ኢን ጁላይ ዲድ ዘ ሬይን ፎል” ይለዋል።

ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን እናስተያይ። “በሐምሌ ብቻ” በ“ኦንሊ ኢን ጁላይ” ትይዩ ቆሟል፤ ሁለቱም በመጀመሪያው ቦታ ላይ ናቸው። “ነው” በ“ዲድ” ትይዩ ቆሟል፤ ሁለቱም አጽንዖት ከተሰጠው ሐረግ ወዲያው ይከተላሉ፤ ሁለቱም የራሳቸው ድርጊት የላቸውም። “ዝናቡ” በ“ዘ ሬይን”፣ “የጣለው” በ“ፎል” ትይዩ ናቸው። አራቱ ክፍሎች በአንድ ቅደም ተከተል ተሰልፈዋል። ተራው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ከተራው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጋር ሳይመሳሰል፣ የተገለበጠው ከተገለበጠው ጋር ይመሳሰላል። ተማሪው እንግዳ ነው ብሎ የፈራው ሥርዓት በየቀኑ ከአፉ የሚወጣ ሆኖ ያገኘዋል።

የዚህ ንጽጽር ጥቅም በረዘሙ ዓረፍተ ነገሮች ላይ ይበልጥ ይጎላል። “ዝናቡ ሲያቆም ብቻ ነው ገበሬዎቹ ወደ ማሳ የወጡት” የሚለውን እንውሰድ። በእንግሊዝኛው ሁለት ባለቤቶችና ሁለት ግሶች ስላሉ ተማሪው የትኛውን እንደሚገለብጥ ይቸገራል፤ ብዙውን ጊዜም ከ“ኦንሊ ዌን” ቀጥሎ ያለውን የመጀመሪያውን ሐረግ ገልብጦ ይሳሳታል። አማርኛው ግን መልሱን ይሰጠዋል። “ነው” የገባው ጥገኛው ሐረግ ካበቃ በኋላ፣ ከ“ገበሬዎቹ” በፊት ነው። በእንግሊዝኛውም “ዲድ” የሚገባው እዚያው፣ “ዘ ፋርመርስ” ከማለት በፊት ነው፤ “ኦንሊ ዌን ዘ ሬይን ስቶፕድ ዲድ ዘ ፋርመርስ ጎ ቱ ዘ ፊልድስ”። ተማሪው “ነው” ያለበትን ቦታ ከለየ የግልበጣውን ቦታ ለየ ማለት ነው።

ድልድዩ የሚቋረጥባቸው ቦታዎች

ንጽጽር ጠቃሚ የሚሆነው ወሰኑን ጨምሮ ሲያሳይ ነው። እነዚህን ወሰኖች ያልነገረ መምህር ተማሪውን ከአንድ ስሕተት አውጥቶ ወደ ሌላ ያስገባዋል።

የመጀመሪያው ወሰን የጊዜ ምልክት ነው። በአማርኛው “ነው” የድርጊቱን ጊዜ አይሸከምም፤ ኃላፊ ጊዜን የሚያሳየው “የጣለው” ነው። በእንግሊዝኛው ግን ጊዜውን “ዲድ” ይወስደውና ዋናው ግስ ወደ መነሻ ቅርጹ ይመለሳል። “ዲድ ዘ ሬይን ፌል” ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በግድየለሽነት የተሳሳተ አይደለም፤ የአማርኛውን ሥርዓት በታማኝነት አስከትሏል። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ከተነገረው ለማረም ይቀለዋል።

ሁለተኛው ወሰን አሉታ ነው። “እንዲህ ያለ ድርቅ ከቶ አይቼ አላውቅም” ስንል አሉታው በግሱ ላይ ይታያል፤ “ከቶ” ያጠብቀዋል እንጂ ብቻውን አይቆምም። በእንግሊዝኛው “ኔቨር ሃቭ አይ ሲን ሰች ኤ ድራውት” ሲባል ግን አሉታውን የያዘው “ኔቨር” ብቻ ነው፤ በግሱ ላይ “ኖት” ቢጨመር ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። በዚህ ዓይነቱ ዓረፍተ ነገር “ነው” የሚባል ድልድይ የለም። ስለዚህ “ኔቨር”፣ “ሬርሊ” እና “ሃርድሊ” ከ“ኦንሊ” በኋላ፣ በተለየ ክፍለ ጊዜ ሊሰጡ ይገባል። የተለመደው አቀራረብ ግን አስቸጋሪውን ያስቀድምና ቀላሉን ያስከትላል።

ሦስተኛው ወሰን ባለቤቱ ራሱ አጽንዖት ሲሰጠው የሚታየው ነው። “መምህሩ ብቻ ነው የመጣው” በአማርኛ “ነው” ይፈልጋል። በእንግሊዝኛ ግን “ኦንሊ ዘ ቲቸር ኬም” ይባላል፤ ባለቤቱ ቀድሞውንም በመጀመሪያው ቦታ ላይ ስላለ የሚገለበጥ ነገር የለም። ተማሪው ራሱን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ወደ ፊት የመጣው ሐረግ ድርጊቱን የፈጸመው ነው ወይስ ጊዜውን፣ ቦታውን፣ ሁኔታውን የሚናገር?

አራተኛው ወሰን “አጽንዖት” የሚለው ስያሜ ራሱ ነው። “ኒር ሰቆጣ ስታንድስ ኤ ሮክ ቸርች” የሚል ዓረፍተ ነገር ብናገኝ ዋናው ግስ ራሱ ከባለቤቱ ቀድሟል፤ ረዳት ግስ አልገባበትም። እዚህ ጸሐፊው ሰቆጣን አላጸናም፤ በአንባቢው ዘንድ የታወቀውን ቦታ አስቀድሞ፣ አዲሱን ነገር ማለትም ከዐለት የተፈለፈለውን ቤተ ክርስቲያን ወደ መጨረሻ አስተላለፈው። አማርኛችንም ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ለማያውቅ እንግዳ “ከሰቆጣ አጠገብ ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ” በማለት ቦታውን አስቀድሞ አዲሱን ነገር ያስከትላል። ቤተ ክርስቲያኑ አስቀድሞ ከተወሳ ግን “ቤተ ክርስቲያኑ ከሰቆጣ አጠገብ ነው” ይላል። ይህንን ዓይነቱን ግልበጣ ከአሉታው ግልበጣ ጋር በአንድ ሳጥን ከትቶ “ለአጽንዖት” ማለት ተማሪውን ያሳስተዋል። አንዱ የመጀመሪያውን ቦታ ያከብራል፤ ሌላው የመጨረሻውን።

የግዕዝ ትምህርት ያለው ድርሻ

በዋግ የአብነት ትምህርት የቀመሱ ወጣቶች ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲገቡ ሌላም ሀብት ይዘው ይገባሉ። በግዕዝ “መጽአ ንጉሥ” ሲባል ግሱ ከባለቤቱ ይቀድማል፤ ይህም ጥያቄ አይደለም። በቅኔ ቤት ያለፈ ተማሪ ደግሞ ቃላት ከተለመደ ቦታቸው ወጥተው ሲሰለፉ አይደናገጥም፤ ባለቤቱንና ማሰሪያ ግሱን ፈልጎ ማያያዝን ለምዷልና። እንዲህ ያለ ተማሪ በክፍል ውስጥ ካለ “ባለቤቱ የትኛው ነው? ማሰሪያውስ?” የሚለውን የለመደውን ጥያቄ በእንግሊዝኛው ግልብጥ ዓረፍተ ነገር ላይ እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። ለሌሎቹም ረዳት ይሆናል።

ጉዳዩ ለምን ያሳስባል?

“ግልብጥ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ብርቅ ነው፤ መሠረታዊውን ያልጨበጠ ተማሪ በዚህ ለምን ይደክማል?” የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። በ2015 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በሀገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዋግ ኽምራን በመሰሉ፣ በሰሜኑ ጦርነት ትምህርት በተቋረጠባቸው አካባቢዎች ደግሞ ሸክሙ እጥፍ ነው። ይህንን ሁሉ በአንድ የሰዋስው ርዕስ ማሳበብ አይቻልም።

ነገር ግን ተማሪው ግልብጡን ዓረፍተ ነገር ባይጽፈውም ማንበቡ አይቀርም። በብድር ውል ላይ “ሹድ ዘ ቦሮወር ፌይል ቱ ፔይ” ብሎ የሚጀምር አንቀጽ ቢያገኝ፣ ትርጉሙ “ተበዳሪው ሳይከፍል ቢቀር” ማለት ነው። “ኢፍ” ስለተተወ ረዳት ግሱ በቦታው ቆሟል። ግልበጣን የጥያቄ ምልክት አድርጎ ብቻ የተማረ ሰው ግን “ተበዳሪው አለመክፈል አለበትን?” ብሎ ይደናገራል። በአሠሪ መመሪያ ላይ “አንደር ኖ ሰርከምስታንስስ ሻል...” የሚለው በማንኛውም ሁኔታ የተከለከለ ነገር እንዳለ ይናገራል፤ ክልከላው ያለው በመጀመሪያዎቹ ቃላት እንጂ በግሱ ላይ ስላልሆነ፣ ያልሠለጠነ አንባቢ የተከለከለውን እንደተፈቀደ ሊወስደው ይችላል። የዕርዳታና የልማት ድርጅቶች ሰነድ በእንግሊዝኛ በሚዘጋጅባት፣ የሀገሪቱን ሕፃናት ከመቀንጨር ለማዳን በ2015 እ.ኤ.አ. የተገባው ቃል ኪዳን በስሟ በተሰየመባት ሰቆጣ፣ እንዲህ ያሉ ሰነዶችን አንብቦ ለወገኑ በትክክል የሚያስረዳ ወጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ግልበጣ በመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃ የጽሕፈት ትምህርት ሆኖ ሊሰጥ ይገባዋል።

ሌላው ተቃውሞ “በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ወይም ኽምጣንጛ ከተነገረ ተማሪው እንግሊዝኛን አይለምድም” የሚለው ነው። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ትምህርቱን ሁሉ በአማርኛ ተርጉሞ መስጠት ተማሪውን ከእንግሊዝኛው ያርቀዋል፤ ይህ እውነት ነው። አንድን ሥርዓት በአምስት ደቂቃ ንጽጽር አስረድቶ ቀሪውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ልምምድ ማሳለፍ ግን ያቀርበዋል። ተማሪውን በገዛ ቋንቋው እንዳያስብ ልንከለክለው አንችልም። ተከልክሎም በልቡ ማነጻጸሩን አይተውም፤ “ዲድ ዘ ሬይን ፌል” የሚለው ስሕተት ምስክር ነው። ምርጫው ንጽጽሩ በመምህሩ መሪነት ይሁን ወይስ ያለ መሪ በድብቅ ይካሄድ የሚለው ነው።

ስለ ልከኝነት

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች፣ በተለይም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በእንግሊዝኛ ለሚያዘጋጁ፣ አንድ ማሳሰቢያ ማከል ይገባል። ግልበጣን ያወቀ ሰው ሊያበዛው ይፈተናል። በየአንቀጹ “ኖት ኦንሊ” እና “ኔቨር” የሚጀምሩ ዓረፍተ ነገሮች የሞሉበት ጥናት ጽኑ አይመስልም፤ ጩኸት ይበዛበታል። ሁሉ ነገር ከጸና ምንም አልጸናም። ግልበጣው ዋጋ የሚኖረው በተራ ዓረፍተ ነገሮች መካከል አልፎ አልፎ፣ ለእውነተኛው ግኝት ሲቀመጥ ነው። በአማርኛም ቢሆን በየዓረፍተ ነገሩ “ይህ ነው... የሆነው” እያሉ የሚናገሩ ሰው አድማጫቸውን ያሰለቻሉ።

ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳብ

ከላይ በተነሡት ነጥቦች መሠረት አራት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ የግልበጣ ትምህርት በ“ኦንሊ” ይጀምር፤ ከአማርኛው “ብቻ ነው” ጋር ይነጻጸር፤ አሉታው፣ ቦታ አመልካቹና የ“ኢፍ” ተተኪው በየተራ ይከተሉ። ሁለተኛ፣ መምህሩ ከመልመጃው በፊት ግልብጡንና ተራውን ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን አስቀምጦ በሁለቱ መካከል ያለውን የመልእክት ልዩነት ተማሪዎች እንዲናገሩ ያድርግ፤ ልዩነቱን መናገር ያልቻለ ተማሪ አማራጭ ቢያጠቁርም አልተማረም። ሦስተኛ፣ የሰቆጣ መምህራን ትምህርት ኮሌጅን የመሰሉ ተቋማት ለዕጩ መምህራን የኽምጣንጛን፣ የአማርኛንና የእንግሊዝኛን የአጽንዖት ሥርዓት የሚያነጻጽር አጭር ትምህርት ቢያዘጋጁ፣ ኽምጣንጛ ተናጋሪ ዕጩዎች ከገዛ ቋንቋቸው ምሳሌዎችን የሚያሰባስቡበት ዕድል ይፈጠራል። አራተኛ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የጥናት ርዕስ ሲፈልጉ ወደዚህ መስክ ይመልከቱ፤ በሦስት ቋንቋ የሚኖር ተማሪ አጽንዖትን ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያሻግር መመርመር ለሳይንሱም ለክፍሉም ይጠቅማል።

የዋግ ኽምራ ተማሪ ሁለት ቋንቋ ተሸክሞ ሦስተኛውን ይማራል። እስካሁን ሁለቱ እንደ ዕዳ ተቆጥረውበታል። የትኛው ቃል ለምን እንደሚቀድም ጠንቅቆ የሚያውቅ ተናጋሪ መሆኑን ያስተዋለ መምህር ሲያገኝ ብቻ ነው ዕዳው ወደ ሀብትነት የሚለወጠው።